አውራጅ፣ ተቀባይና የማያምን እንግዳ፦ ጎስፔልን ከእምነት ውጭ ስለማድመጥ

እምነት የሌለው ሰው በቤተ አምልኮ ውስጥ ደስታ ሲያገኝ ከሁለት ወገን ይወቀሳል። ምእመኑ፣ የሌላውን ጸሎት ለመዝናኛ አዋለው ይለዋል። ሃይማኖትን የሚነቅፈው ደግሞ በአእምሮው የጣለውን በስሜቱ ደጅ ይጠናል ብሎ ይታዘበዋል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ የዝማሬና የሕንጻ ውበት ከእምነቱ ውጭ መቆሚያ የለውም የሚል ግምት። እኔም ከማያምኑት ወገን ነኝ፤ እንግዳ ከተማ ስገባ ከሙዚየም አስቀድሜ የምፈልገው ቤተ አምልኮ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የራሴም ነው። የጥቁር አሜሪካውያን የጎስፔል ሙዚቃ ታሪክ ይህን ግምት ያናጋዋል ብዬ አስባለሁ፤ ለማያምነው ጎብኚ ግን ያላሰበውን ዕዳ ያስከትልበታል።

በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ በ1891 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲጠናቀቅ የአይሁድ ምኩራብ ነበር። የነደፉት ዳንክማር አድለርና ሉዊስ ሰሊቫን ናቸው። የአድለር አባት የዚያው ማኅበረ ምእመናን ረቢ ነበሩ፤ ልጃቸው ደግሞ ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በማወቅ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት መሐንዲስ ነበር። በ1922 ሕንጻው ከደቡብ ክልሎች ወደ ሰሜን በሚፈልሱ ጥቁሮች ለተሞላ የባፕቲስት ጉባኤ ተላለፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቶማስ ዶርሲ የዚህ ቤት የሙዚቃ መሪ ሆነ፤ ዛሬ የጎስፔል አባት የሚባለውም እርሱ ነው። ለአንድ ሃይማኖት ጸሎት የተሰላ ጣሪያና ግድግዳ የሌላውን ሃይማኖት ዝማሬ ለአሥርተ ዓመታት ተሸክሟል። የድንጋይና የእንጨት ጥበብ ከገቢው ሰው የሃይማኖት መግለጫ አይጠይቅም፤ ለዚህ ከዚህ ሕንጻ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በጃንዋሪ 2006 እሳት ጣሪያውን አወደመው፤ የድንጋይ ግድግዳዎቹ ግን ቆመው ቀሩ።

ሙዚቃውስ? ዶርሲ ከዚያ በፊት «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም የብሉዝ ፒያኒስት ነበር፤ የብሉዝ ዘፋኟን ማ ሬኒን አጅቦ በየመድረኩ ዞሯል። በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ የተወለደው ሕፃንም ወዲያው ተከተላት። ከሁሉ የታወቀው መዝሙሩ የዚያ ሐዘን ፍሬ ነው። ስልቱ የብሉዝ ስልት በመሆኑ ብዙ ነባር አብያተ ክርስቲያናት በሩን ዘግተውበት ነበር፤ የመሸታ ቤት ዜማ ወደ መቅደስ አይገባም በማለት። እንግዲህ የማያምን አድማጭ በጎስፔል ውስጥ የሚያውቀውን ዓለማዊ ሐዘን ቢሰማ፣ የሌለ ነገር እየጨመረበት አይደለም። ዶርሲ ራሱ ያስገባውን እየሰማ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ እንዲህ ያደመጠ ሰው ነበረ፤ ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ። በማሳቹሴትስ አድጎ ወደ ቴነሲ ለትምህርት ሲወርድ፣ የደቡብ ጥቁሮችን አምልኮ እንደ እንግዳ ነው ያየው። በኋላ በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በአደባባይ ጸሎት እንዲመራ ቢጠየቅ እምቢ ብሏል። ያው ሰው በ1903 ባሳተመው «የጥቁር ሕዝብ ነፍሳት» ውስጥ በየምዕራፉ አናት ላይ የዜማ ኖታ አስቀመጠ፤ የመጨረሻውንም ምዕራፍ ለጥቁሮቹ የሐዘን ዝማሬዎች ሰጠ። ከዝማሬዎቹ ጋር ባርነትን፣ መለያየትን፣ ስደትን አብሮ ሰማ። ድምፁን ከታሪኩ አልነጠለም። ዱ ቦይስ ለእኔ የማያምን አድማጭ ሁሉ መለኪያ ነው።

ዕዳው እዚህ ላይ ይጀምራል። ፈላስፋው ካንት በ1790 ስለ ውበት ሲጽፍ፣ ከፍላጎትና ከጥቅም ነጻ የሆነን እይታ መስፈርት አድርጎ ነበር። ሕንጻን እንዲህ ማየት ይቻላል፤ ጎብኚው ዝም ብሎ ቀና ይላል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። ጎስፔል ግን አውራጅና ተቀባይ ያለው ጥበብ ነው። ሶሎ ዘማሪዋ ሐረጉን ትጥላለች፣ ኳየሩ ያነሣል፣ ጉባኤው በጭብጨባና በ«አሜን» ይመልሳል። ሰባኪውም እንደዚሁ ነው፤ ንግግሩ እየጋለ ሲሄድ ዜማ ይሆናል፤ ኦርጋኒስቱም ከእያንዳንዱ ሐረግ ኋላ እየገባ ይቀበለዋል። ስለዚህ ስብከቱ የሙዚቃው አካል ነው፤ ቆርጦ የሚጥለው ሰው የሰማው የዜማውን ግማሽ ነው።

በኒው ዮርክ ሐርለም የሚገኘው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ ለኛ አንባቢ ያቀርበዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ እንደሚተርከው፣ በ1808 ጥቁር አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በከተማዋ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዘር ተለይተው መቀመጥን አንቀበልም ብለው ወጡ፤ የራሳቸውንም ቤት መሠረቱ። በ1923 የተመረቀው የጎቲክ መልክ ያለው ሕንጻዋ ዛሬ የቱሪስት መዳረሻ ነው። እሑድ በሐርለም አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የሚሰለፉ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው፤ ዝማሬው ጋብ ሲል ከስብከቱ በፊት ተነሥተው የሚሄዱም አይጠፉም። ይህን እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ ከዚያም አልፎ የማድመጥ ጉድለት ነው እላለሁ። ማን የት ይቀመጣል በሚል ጥያቄ የተወለደች ቤት፣ እንግዳዋ እንዴት እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ ሙሉ መብት አላት።

የማያምን ሰው «አሜን» ለማለት አይገደድም፤ ያላመነውን ቃል ቢያወጣ ለእርሱም ለጉባኤውም ክብር አይሆንም። እጁ ግን ሊያጨበጭብ፣ እግሩ ሊቆም፣ ጆሮው እስከ ቡራኬው ሊቆይ ይችላል። ወደ ሐርለም የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ካሜራህን ከቦርሳህ አታውጣ፤ ስብከቱም እስኪያልቅ ተቀመጥ።