አበል የሌለው ስብሰባ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። በዚህ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን የሚገመግመው፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥነው፣ ረቂቅ መመሪያውን “የሚያዳብረው” አዳማ ወርዶ ነው። ባጅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ የሻይ ሰዓት ይደርሳል፣ በመጨረሻም አበል ይፈረማል። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህማ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለመክፈቻ ንግግሩ መድረስ ቀላል ሆኗል። በአዳራሽ፣ በወንበርና በማይክራፎን የአዳማን ያህል የታደለ ከተማ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ አንድ የአዳማ አባት ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አስከትሎ ሄዶ፣ ስለ አገሩ መሪዎችና ስለ ከተማው ታሪክ የሚሰማበትና የሚጠይቅበት ወንበር የቱ ነው? ባጅ የማይጠየቅበት፣ አበልም የማይፈረምበት?

“ሙዚየም አለ አይደል?” ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! በከተማዋ የኦሮሞ ሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልትና ሙዚየም አለ፤ ገልማ አባ ገዳም አለ። ወደ አዲስ አበባ ከወጣችሁ ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል። የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥትም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኗል። ሕንፃው አላነሰንም። ያነሰን በሕንፃው ውስጥ መነጋገር ነው።

የቤተሰብ ጉብኝታችንን አስቡት። አባት ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ ልጆች መሐል። አስጎብኚው የሸመደደውን በጥድፊያ ይወርደዋል። “አትንኩ! ወደዚህ እለፉ!” ፎቶ መነሳት ከተፈቀደ ፎቶ ይነሳሉ፣ ካፌ ገብተው ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ወደ ቤት። በዚህ መሐል ትንሿ ልጅ የኢዮቤልዩውን ዙፋን አይታ “አባዬ፣ ንጉሡ ለምን ከዚህ ቤት ወጡ?” ብትል ምን ይከተላል? አባት ግራና ቀኙን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ “ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ” ይላል።

የነገሩ ቁልፍ ይቺ “ቤት ስንገባ” ናት። ልጅቷ የጠየቀችው የአደባባይ ጥያቄ ነው። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው የተዘጋጀው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን የተወሰዱት ከዚያው ግቢ ነው። ከደርግ በኋላም የፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ሆኗል። ይኼ ምስጢር አይደለም። አባትን ዝም ያሰኘው አጠገቡ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ታሪካችን እቤት ይነገራል። እቤት ሲነገር ደግሞ እንደየቤቱ ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ልጆችን ውሰዱ። የአንዱ ቤት ምኒልክን አገር ያቆሙ ንጉሥ ይላቸዋል፤ የሌላው ቤት እጅና ጡት የተቆረጠበትን ዘመን ያስታውሳል። በአርሲ፣ ሂጦሳ ወረዳ የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ እነዚህ ሁለት ቤቶች ምን ያህል እንደተራራቁ አይተናል። አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ተቆጣ፤ ሁለቱ ግን አንድ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለው አልተሰማሙም፣ አልተጣሉምም። ልጆቹ ታዲያ የት ተገናኙ? ፌስቡክ ላይ! እዚያ ደግሞ አስተናጋጅ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ፊት ለፊት የሚታይ ዓይን የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የታሪክ ዝምታ ግን ይነቅዛል።

የሌላውን አገር እንይ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሥልጣን የለቀቀው ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። በስሙ በካሊፎርኒያ የተከፈተው ሙዚየም መጀመሪያ በደጋፊዎቹ እጅ ነበር፤ ዋተርጌትንም ለእሱ በሚያደላ መንገድ ነበር የሚተርከው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመንግሥት ቤተ መዛግብት ሲረከበው ያንን ትርኢት አነሳው። የነገሩ ተዋንያን የነበሩ ሰዎችን ቃል በቪዲዮ ቀረጸ። ደጋፊዎቹ ቢያጉረመርሙም እ.ኤ.አ. በ2011 አዲሱን ትርኢት ከፈተ። ቦስተን ባለው የኬኔዲ ሙዚየም ደግሞ ሕዝብ የሚታደምበት የውይይት መድረክ አለ፤ ለልጆችና ለወላጆች ለብቻው የተሰናዳ ፕሮግራምም አለ። እዚያም ጠብ አልጠፋም። ልዩነቱ ጠቡ አዳራሽና ሰዓት ያለው መሆኑ ነው።

“እኛ እንዲህ ያለውን አንችልም” የሚል ካለ ከእኛው ምሳሌ ልጥቀስለት። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን የታሰሩና የተገረፉ ሰዎች ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ልጁን “ዝም በል” የሚል አባት ያለ አይመስለኝም። የመስታወቱ ሣጥን ያልቻለውን አንድ የሰው አንደበት ይችለዋል።

አዳማም አንደበት አላጣችም። ወንጂ ቅርቧ ነው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በሆላንዶቹ ኩባንያ ዘመን ሸንኮራ የቆረጡ፣ ፋብሪካው በደርግ ሲወረስ ያዩ ቤተሰቦች ልጅና የልጅ ልጅ አሏቸው። የክልሉ መቀመጫ በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማ ሲመጣ፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የተሠለፈውም፣ የተቃወመውም፣ ቢሮውን ጭኖ የሄደውም ዛሬ በሕይወት አለ። የከተማዋ ስም ናዝሬት እንዴት እንደሆነ፣ ተመልሶ አዳማ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳም አይጠፋም። ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ የታሪክ ምሁር ነበሩ፤ ሥልጣን ይዘው፣ ከዚያም ከያዙት ወገን ተለይተው በ2011 ዓ.ም. አረፉ። የእኚህ ሰው ሕይወት ብቻ የስንት ቅዳሜ ወሬ ይወጣዋል!

ግን አደራ፣ የለመድነውን ስብሰባ እንዳታመጡብን። የክብር እንግዳ አርባ ደቂቃ የሚያወራበት፣ ጥናት አቅራቢው ስላይድ የሚያነብበት፣ “ከሰዓት እጥረት የተነሳ ሦስት ጥያቄ ብቻ” የሚባልበትን ማለቴ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው ሃያ ደቂቃ ይናገር። ቀጥሎ በዚያ ታሪክ የተጎዳ ወይም የተጠቀመ ቤተሰብ ይናገር። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ የልጆች ይሁን፤ ልጅ ነገር አያሽሞነሙንም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። ከጠባይ የወጣውን አስተናጋጁ ይመልሰው። በየተራ መናገርና እስከ መጨረሻው መስማት በገዳ ጉባኤ የቆየ ወግ ነው፤ ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ አይደለም።

“ጊዜው አይደለም፣ ነገር ይነሳል” የሚሉ ኃላፊዎች ይኖራሉ። ነገሩማ ተነስቷል፤ በየቤቱና በየስልኩ ቁጭ ብሏል። የቀረው ብርሃን ወዳለበት አዳራሽ መጋበዙ ነው። ወጪውም ያን ያህል አይደለም፤ ወንበሩ አለ፣ ማይክራፎኑ አለ፣ አበሉን ደግሞ የሚጠይቃችሁ የለም።