ሞክሼ ሆሄያትና የፕሮግራም ስያሜ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ለሚያሰላው መጠንና ለሚያዘው ተግባር ሁሉ ስም ያወጣል። ይህ ስም በብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ካካተተ፣ በ2008 ደግሞ ፓይተን የተባለው ቋንቋ በሦስተኛ እትሙ በልዩ ልዩ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን ከተቀበለ ወዲህ፣ «ደመወዝ»ን በራሱ ፊደል ሰይሞ ማስላት ተችሏል። ፈቃዱ የሚመሰገን ነው፤ በተለመደው የላቲን አጻጻፍ «ተራ»ና «ጠራ» እንኳ ይደባለቃሉና። ይሁን እንጂ ደንቡ የፊደላችንን ጠባይ ምን ያህል ያውቃል?

ፓይተን ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት ዩኒኮድ አቻ ናቸው ያላቸውን ቅርጾች ወደ አንድ ይመልሳል። ተጣምረው የታተሙ የላቲን ፊደላት በዚህ መንገድ ተፈትተው ይነበባሉ። ሞክሼ ሆሄያት ግን በሥርዓቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አንድ ሰው በመጀመሪያው መስመር «ዓመታዊ_ደመወዝ» ብሎ 60,000 ብር ቢመዘግብ፣ በሁለተኛው መስመር በዚሁ ላይ 6,000 ብር ደምሮ ውጤቱን «አመታዊ_ደመወዝ» ለሚል ስም ቢሰጥ፣ በሦስተኛው የመጀመሪያውን ስም ቢጠራ፣ የሚያገኘው መልስ 60,000 ብር ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ስም ስለሚቈጥረው ስሕተት መኖሩን አያስታውቅም፤ ጭማሪው ተደምሮ ሳለ ሳይከፈል ይቀራል።

ተቃራኒው ችግርም አለ። መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን አይታይም። ስለዚህ ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ወለድ የሚታሰብበትን መነሻ ገንዘብ የሚያመለክተው «ዋና» በፕሮግራም ውስጥ አንድ ስም ብቻ ይሆናል።

ጎ የተባለው ቋንቋ ደግሞ ከጥቅሉ ውጭ የሚታይ ስም በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ያዝዛል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በመሆኑም የአማርኛ ስም የባዕድ ፊደል በግንባሩ ካልተለጠፈበት ከጥቅሉ አይወጣም። ይህ የአንዱን ፊደል ጠባይ የሁሉም አድርጎ ከመውሰድ የመጣ ጉድለት ነው።

ታዲያ ኮምፒዩተሩ ሞክሼዎችን አንድ ያድርጋቸው ማለት ይገባልን? አይመስለንም። ሥዕል የሣለው «ሠዐለ»ና የለመነው «ሰአለ» በግዕዝ የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ መሣሪያው በራሱ ሥልጣን ቢያዋሕዳቸው የቃላትን ታሪክ ይደመስሳል። መፍትሔው ከሁለት ወገን ይጠበቃል። የስያሜ አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ሙያዊ ቃል አንድ ቋሚ አጻጻፍ ይወስኑ፤ ተለዋጭ አጻጻፎችንም ወደዚያው የሚመሩ አድርገው ይመዝግቡ። የፕሮግራም ባለሙያዎች በበኩላቸው በሞክሼ ሆሄ ብቻ የሚለያዩ ስሞችን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መፈተሻ ያዘጋጁ። ሞክሼዎች ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው የቆየ ክርክር ገና እልባት ባያገኝም፣ የደመወዝ ሒሳብ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይቆይም።