ባቲ፦ ጆሮ የሚያስበው፣ ሆድ የሚናገረው

ባቲ በሚለው ስም ሁለት ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛዋ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው፣ ደገኛውና ቆለኛው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው በሰኞ ገበያዋ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ሁለተኛው ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃችን ቅኝቶች አንዱ ነው። ስለ ቅኝቱ የሚጻፈው ሒስ ብዙውን ጊዜ ከተማዋን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፍና ወደ ድምፆች ቆጠራ ይገባል። ዳሩ ግን ሐሳብና ቋንቋ ከሰው አካል ጋር ያላቸውን ዝምድና ለመመርመር ለሚሻ ሐያሲ ከተማዋም ቅኝቱም ሰፊ ማስረጃ ያቀርባሉ።

በመጀመሪያ ቅኝቱ ይታይ። የባቲ አንዱ መልክ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል። ከዶ ወደ ሚ ሰፊ ዝላይ አለ፤ ከሚ ወደ ፋ ጠባብ እርምጃ ይከተላል፤ ከሶል ወደ ሲ እንደገና ይዘለላል። በኖታ ላይ ይህ የርቀት ልዩነት ነው። በድምፃዊው ጉሮሮና በክራር ተጫዋቹ ጣት ግን ዝላይም ነው፣ ዕርፍም ነው። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። «ቃኘ» የሚለው ግሥ ክራር ለሚያስተካክለውም፣ ወጥቶ አገር ለሚሰልለውም ያገለግላል። ዜማው ሲያምር ደግሞ «ጣዕመ ዜማ» ይባላል፤ ጆሮ የተቀበለውን የሚመዝነው ምላስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ቅኝትን አምስት ድምፆች ብቻ አድርጎ የሚያስተምር መምህር ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ዜማው የተወለደበትን አካል አስቀርቶ ቁጥሩን ብቻ አስረክቧል።

ከዜማ ወደ ዕለት ንግግር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። «ስሜት» የሚለው ቃል «ሰማ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሕመምም፣ ደስታም፣ ኀፍረትም «ይሰማዋል»። «አስተያየት» ደግሞ የ«አየ» ዘር ነው። ስለዚህ አማርኛ ፍርድን ለዐይን፣ ስሜትን ለጆሮ አከፋፍሏል ማለት ይቻላል። በዚያው በባቲ ገበያ ኦሮምኛ የሚናገረው ጎረቤትም ስሜቱን ሲገልጽ «ነቲ ዸገሀመ» ሲል መሠረቱ መስማት ነው። ርኅሩኁን ሰው «ገራ ላፋ»፣ ማለትም ሆዱ የለሰለሰ ሲለው፣ አማርኛው «ሆደ ቡቡ» ወይም «አንጀቱ የራራ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ቃል ይዘው በአንድ አካል ላይ ተገናኝተዋል። በሌላ በኩል በአውሮፓ «አይዲያ» የተባለው ቃል መነሻው ማየት የሚል የግሪክ ግሥ ነው፤ «ቲዎሪ»ና «ቴአትር»ም ከመመልከት የመጡ ዘመዳሞች ናቸው። እዚያ ዕውቀት በአብዛኛው የዐይን ልጅ ሆኖ አድጓል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሜርሎ ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ዓለምን የሚያውቀው በአካሉ መሆኑን አስረድቷል። ሌኮፍና ጆንሰን የተባሉት አሜሪካውያን ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ1980 ዘይቤ የንግግር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የማሰቢያ መሣሪያ መሆኑን አብራርተዋል። የቅኔ መምህራን ይህን ከወርቅ አንጥረኛ እጅ ቀድመው ተምረውት ነበር፤ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ራሱ ሰሙ የሚቀልጥበትና ወርቁ የሚፈስስበት የእጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አካል ብቻውን ቋንቋን አይወስንም። ሆድ የሌለው ሕዝብ የለም፤ ቂምን፣ ምሥጢርንና ትዕግሥትን በሆድ ማስቀመጥ፣ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ቅያሜ የሚቀናውን «ሆደ ባሻ» ማለት ግን የኅብረተሰቡ ምርጫ ነው። አካል ጥሬ ዕቃውን ያቀርባል፤ ኑሮና ታሪክ ይቀርጹታል።

ይህ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ረኀብ ነው። «ጻፍሁ»፣ «አረስሁ»፣ «ሄድሁ» በሚሉት ግሦች ሰው ባለቤት ነው። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» ሲል ግን ባለቤትነቱን ያጣል፤ ነገሩ የሚደርስበት ተሳቢ ይሆናል። ሰዋስው እዚህ ላይ ከብዙ ግጥም የበለጠ እውነት ይናገራል።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ይህን ተሳቢነት በሚሊዮን በሚቈጠር አካል አየችው። በ1977ቱ ረኀብ ባቲ ከታላላቆቹ የዕርዳታ መጠለያዎች አንዱ የቆመባት ስፍራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈው ፊልም የዓለምን ዐይን ከፈተ፤ ዕርዳታም አስከተለ። ይህ የማይናቅ ውለታ ነው። ሆኖም ስለ ረኀብ ከተጻፉት ግጥሞች ብዙዎቹ የካሜራውን ዐይን ተውሰው ቀሩ፦ የተቈጠረ የጎድን አጥንት፣ የጎደጎደ ዐይን፣ የተሰነጠቀ መሬት። ረኀብተኛው ታየ እንጂ አልተሰማም። ድርቅ በዐይን ይታያል፤ ችጋር በጓዳ ይታወቃል፤ ጠኔ ግን የሚታወቀው በጉልበት መክዳትና በዐይን መጭለም ነው። ሦስቱን ቃላት እያቀያየረ አንድ ሥዕል የሚሥል ገጣሚ የቃላት ሀብቱን አላሳየም፤ ከውጭ ቆሞ መመልከቱን ነው ያጋለጠው። የሰውን መከራ ከውጭ ብቻ የሚያይ ጽሑፍ ደግሞ ሳያስበው ያንን ሰው ዕቃ ያደርገዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ኪነ ጥበብ በስሜት ሕዋሳት ተወስኖ ከቀረ የረኀብን መንሥኤ፣ የመሬትን ሥሪት፣ የገበያን ሕግ እንዴት ሊያስረዳ ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መንሥኤ በምላስ አይቀመስም፣ በጆሮም አይሰማም። ነገር ግን ወርቅ የሚፈስሰው ሰሙ በሠራው ቅርፅ ነው። በአካል ያልታወቀ ረቂቅ ሐሳብ መድረክ ላይ ሲወጣ መፈክር ይሆናል፤ አዳራሹ ያጨበጭብለታል፣ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ግን የለም። በአንጻሩ «ልቤ ተሰበረ» እየተባለ የሚደጋገመው ዘይቤም አካሉ የሞተ ዘይቤ ነው፤ ሕመም የሌለበት ስብራት ማንንም አያስደነግጥም።

ስለዚህ ሐያሲው አንድን ስንኝ ሲመዝን ቤት መምታቱን ከመቍጠሩ በፊት ስንኙ ከየትኛው ሕዋስ እንደ መጣ ይጠይቅ። የሙዚቃ መምህሩ ኖታውን ሳይጥል ተማሪው በመጀመሪያ ዝላዩን በጉሮሮው እንዲያውቀው ያድርግ። የቋንቋ መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ሰኞ ገበያ ይዞ ይውጣ፤ የጨውን፣ የግመልን፣ የእህልን ጠረንና ልስላሴ ተማሪዎቹ በየቤታቸው በሚነገረው ቋንቋ ይሰይሙ፤ ከዚያም ስያሜዎቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ። የመጀመሪያው ቋንቋ «አፍ መፍቻ» የተባለው በከንቱ አይደለም። አፉ በአንዱ ቋንቋ የተፈታ ልጅ በሌላው ሲማር፣ ቀድሞ በጆሮውና በሆዱ ያወቀው ነገር እንደ ስሕተት ከተቈጠረበት፣ ቃል ይማራል እንጂ መናገር አይማርም።