ጣሪያው ይቅደም

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍታን አልፋ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ናት። የመንዝ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ብርዱን ያወራል፤ እኔ መኪና አጣቢ ነኝና የሚያሳስበኝ ፀሐዩ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የወረደ መኪና እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚያርፍበት ጨረር በ30 በመቶ ግድም ጨምሮ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ብርዱ ደግሞ ያታልላል። ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቆም አጠገቡ የቆመው ኮፈን እየተቃጠለ መሆኑ አይታየውም።

የሚቃጠለው ነገር ስስ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ብቻውን ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። እሱ ከተላጠ በኋላ ሰም ምንም አይፈይድለትም። ሽፋኑ የሌላቸው የድሮ መኪኖች ሲወለወሉማ ጨርቁ ራሱ ቀለም ይዞ ይነሣል።

እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። በየላቫጆው ታጥቦ ያበቃ መኪና ናፍጣ በነካ ጨርቅ ሲወለወል አያለሁ። መኪናው ለጥቂት ሰዓት ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ከዚያ ያ ቅባት የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በማግስቱ ሹፌሩ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው ቀለሙን በአሸዋ ፈተገው ማለት ነው። ማብረቅረቅና መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እኔ የምከፈለው ለሁለተኛው እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አቧራም ሁሉ አንድ አይደለም። ከዓለም ከተማ የሚመጣ መኪና የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቷል። በገደሉ የአሸዋ ድንጋይ ስላለ በአቧራው ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ ኳርትዝ ደግሞ ከማንኛውም የመኪና ቀለም የጠነከረ ነው። በክረምት ከሞላሌ በኩል የሚመጣው ዋልካ ጭቃ ለብሶ ይደርሳል። ሁለቱንም ቶሎ በእጅ መንካት አይገባም። መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች። ዋልካው እስኪርስ መታገሥ፣ ደግሞ ማፍሰስ። ፓራፋንጎ ሥር የተጠቀጠቀውን ጭቃ ሳላወጣ መኪና አላስረክብም፤ በአገራችን መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ዝገቱ የሚጀምረው እርጥበት አፍኖ ከሚሰነብት እንዲህ ካለ ጭቃ ነው። ወንዝ ዳር አላጥብም። ከጓሳ የሚወርደውን ውሃ ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የእጅ መለቅለቂያ። ኦሞ አልጠቀምም፤ ቅባት ሊፈታ የተሠራ ስለሆነ ሰሙንም ጠርጎ ይወስደዋል። ስፖንጅም ትቻለሁ። ስፖንጅ አሸዋውን ፊቱ ላይ ይዞ ይጎትተዋል፤ የበግ ፀጉር ግን ወደ ውስጡ ያስገባዋል። በውጭ አገር ውድ መኪና የሚያጥቡ ሰዎች ለዚሁ ብለው የበግ ፀጉር ጓንት ይገዛሉ። እኛ አጎዛ የማይታጣበት አገር ተቀምጠን በተቀደደ ሹራብ መኪና ማሸታችን ያሳዝነኛል። እርግጥ የመንዝ በግ ፀጉሩ ሻካራ ነው፣ ለባናና ለዝተት የሚመች፤ ስለዚህ የጠቦት አጎዛ መርጬ በደንብ አጥቤና አበጥሬ ነው የምይዘው።

ሰዓቱም ሙያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ በማለዳ የፈሰሰ ውሃ ብረቱ ላይ በረዶ ይሆናል። 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ኮፈኑ ግሎ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቅበታል። የምሠራው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ነው። የቸኮለ ሹፌር ይቆጣል፤ ይቆጣ።

አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የንብ ሰም ሞልቶልን ስለምን የፈረንጅ ትገዛለህ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገራችን በንብ ሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ነገር ግን የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል፤ የቆላ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ወደዚያ ይጠጋል። ካርናውባ የሚባለው፣ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ሰም፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ይችላል። «ለጧፍ የእኛን የሚያህል የለም አባቴ፤ ጀማ ሲወርዱ ግን ይለሰልስና አቧራ ይይዛል» አልኳቸው።

ሰም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ከቀለሙ በፊት እሱ እንዲበላ ነው የሚቀባው፤ በጥላ፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ፣ በጣም ስስ ተደርጎ። ውሃ ሲረጭበት ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል፣ እንደገና ይቀባ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ ቶዮታ ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ሆኗል። ሆኖም ባለቤቱ ሊረከብ ሲመጣ የሚያየው በሩንና ጎኑን ነው። የዶልፊን ሚኒባስ ጣሪያ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ቀና ብሎ የሚመረምረው የለም፤ ፀሐዩ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የሚውለው። ሰሙ ለሁሉም የማይበቃ ከመሰለኝ ጎኑን ትቼ መሰላሌን አመጣለሁ።