ጆሮ ከመፍረዱ በፊት

ሁለት የሙዚቃ ማጫወቻ ይዞ «የቱ ይሻላል?» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። አንድ ዘፈን በሁለቱም ሰምቷል፤ አንዱ «ጥርት ያለ»፣ ሌላው «የታፈነ» ሆኖበታል። ከእኔ የሚፈልገው ማረጋገጫ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ካቻቢቴውንም ስታኞውንም ወደ ጎን ትቼ ቴስተር አነሳለሁ። «ጋሼ፣ ድምፅ በቴስተር ይለካል እንዴ?» የሚለኝ ብዙ ነው።

የምለካው ጥራቱን ሳይሆን ጩኸቱን ነው። የሁለቱንም ቮልዩም «ግማሽ ላይ» አድርጎ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ የአንዱ ግማሽ የሌላው ሩብ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የሚያሳስተው ትልቁ ልዩነት አይደለም። ትልቁን ማንም ይሰማዋል፣ ቀንሶም ያስተካክለዋል። ተንኮለኛው ትንሹ ነው። አንዱ ከሌላው በ1 ዴሲቤል ያህል ሲበልጥ ጆሮ «ይሄኛው ይጮሃል» አይልም፤ «ይሄኛው ግልጽ ነው፣ ባሱም ይመታል» ነው የሚለው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ባሱን ከሌላው ቀድሞ ይጥለዋል። ስለዚህ ትንሽ ጮክ ያለው ማጫወቻ ሁልጊዜ ባስ የጨመረ ይመስላል። ሻጮች ይህን ከማናችንም በፊት ያውቁታል።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ያንኑ ወጥ ድምፅ፣ ቶን የምንለውን፣ በሁለቱም ላይ እጭናለሁ። ርካሽ ቴስተር ተለዋዋጭ ቮልቴጅን በደንብ የሚያነበው እስከ 400 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ቶኑ ከዚያ አያልፍም። ማዳመጫውን ሳልነቅል፣ በመንታ ጃክ፣ የሚወጣውን ሚሊቮልት አነባለሁ። ማዳመጫው ሳይሰካ የተነበበ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ሸክም የሌለበት ማጫወቻ ሁሉ ጎበዝ ነው። አንዱ 100 ሚሊቮልት ከሰጠ ሌላውን ከ99 እስከ 101 ውስጥ ለማስገባት እጥራለሁ፤ ይህ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው። የስልክ ቮልዩም በደረጃ ስለሚዘል በቁልፉ ብቻ እዚያ መድረስ አይቻልም፤ የጎደለውን በኮምፒውተር ፋይሉ ላይ ቀንሼ አስተካክላለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ይህ ካልተሠራ ቀሪው ወሬ ነው።

ከዚያ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ አድማጩ እንዳያይ አደርጋለሁ፤ ረዳቴ ከጠረጴዛው በታች ይቀያይራል። ጆሮ የድምፅን ዝርዝር የሚይዘው ለጥቂት ሴኮንድ ስለሆነ መቀያየሩ ፈጣን፣ የሚሰማውም አጭር ቁራጭ መሆን አለበት። ከ10 ጊዜ 8ቱን አውቄያለሁ የሚል ሰው ደስ ይበለው፤ ግን ሳንቲም እየወረወረ የሚገምት ሰውም ከ18 ዙር በአንዱ ያህል 8 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። 9 ሲደርስ ነው ጆሮዬን የማቀናው። በዚህ መንገድ ሲሄድ «የሰማይና የምድር ያህል» የተባለው ልዩነት አብዛኛው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ደንበኛው ደስ አይለውም፤ ገንዘብ ያወጣበት ዕቃ ከርካሹ እኩል ሲሆንበት ማን ደስ ይለዋል?

እዚህ ላይ የጀርመንና የዱባይ ጉዳይ ይመጣል። ከጀርመን ዘመድ የላከውና ከዱባይ የመጣው ያው ሞዴል ሲወዳደሩ የዱባዩ «ኦሪጅናል»፣ የጀርመኑ «ደካማ» ይባላል። ነገሩ የጥራት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚሸጡ ማጫወቻዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለጆሮ ጤና ሲባል 85 ዴሲቤል ላይ እንዲያስጠነቅቁ፣ ከ100 እንዳያልፉ ደረጃ ወጥቶላቸዋል። የአፕል ትንሿ የታይፕ ሲ ማዳመጫ ማገናኛ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ለአሜሪካ ገበያ የምትሠራው እስከ 1 ቮልት ትሰጣለች፣ የአውሮፓዋ ግማሹን። በቴስተር ሲስተካከሉ የዱባዩም የጀርመኑም አንድ ናቸው።

እንዲህ ሲባል ማጫወቻ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ጩኸቱ እኩል ከሆነ በኋላ የሚቀር እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ግን ሰው በማይፈልግበት ቦታ፣ ማጫወቻውና ማዳመጫው በሚገናኙበት ነው። በብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ከማጉያው ወደ ጃኩ በሚሄደው መንገድ ላይ ካፓሲተር ተቀምጧል፤ ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ማዳመጫው እንዳያልፍ ይከለክላል። ሲከለክል ግን ባሱንም ይነካል። 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ32 ኦም ማዳመጫ ጋር ከ23 ኸርዝ ገደማ በታች መድከም ይጀምራል፤ ይህ ማንንም አያስቸግርም። በ16 ኦም ማዳመጫ ድካሙ ወደ 45 ኸርዝ ይወጣል። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያው 16 ኦም ማዳመጫ ከ100 ኸርዝ ጀምሮ ባስ ያጣል፤ የከበሮው ሆድ የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ማጫወቻ በአንዱ ሰው ማዳመጫ «ባስ ያለው»፣ በሌላው ማዳመጫ «ባስ የሌለው» ይሆናል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ያረጀ ካፓሲተር ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ እሱን ነቅዬ አዲስ ስበይድ ሰውየው «አዲስ ማሽን አስገባህ እንዴ?» ይላል።

በኦም የሚለካው የማጫወቻው የውስጥ ኢምፔዳንስም እንዲሁ ነው። የውስጡ ከማዳመጫው ኢምፔዳንስ አንድ ስምንተኛ ካልበለጠ ብዙ አያሳስብም። ከበለጠ፣ በተለይ ሁለትና ሦስት ትናንሽ ድምፅ አመንጪ በታጨቀባቸው የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች፣ የድምፁ መልክ ይቀየራል። በብሉቱዝ የሚሰማ ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የስልኩ ዲጂታል መቀየሪያና ማጉያ ሥራ ፈትተው፣ የሚሠሩት ጆሮው ውስጥ ያሉት ናቸው። ሁለት ስልክ በአንድ የብሉቱዝ ማዳመጫ አወዳድሮ «የዚህኛው ቺፕ ይበልጣል» የሚለኝን ሰው ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ።

ለሙከራ የምመርጣቸው ድምፆች ከዘፈን ይልቅ መሣሪያ ይበዛባቸዋል። በገና እወዳለሁ። ከጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ንዝረት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ይዘረጋል፤ በምቶቹ መካከልም ጸጥታ ስላለ የማጫወቻው የራሱ ሹክሹክታ ይጋለጣል። የአለሙ አጋ በገና የተቀዳበት የኢትዮፒክ ቁጥር 11 ሲዲ ለዚህ አገልግሎት ሁሌ ቅርቤ ነው። ለፋይል ምርመራ ግን ጸናጽል የሚስተካከለው የለም። ጸናጽል ድንገት ይመታል፣ ኃይሉም ከላይ ነው፤ ኤምፒ3 የሚቸገረው በእንዲህ ያለው ነው። ሲዲ በሴኮንድ 1411 ኪሎቢት ያሳልፋል፤ በ128 የታመቀው ኤምፒ3 ከዚያ አሥራ አንድ እጅ ያነሰ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል። ጸናጽሉ ብረትነቱን ትቶ ውኃ ውስጥ እንደሚናጥ ይሆናል፤ አንዳንዴ ከምቱ በፊት ትንሽ ሽውታ ይቀድመዋል። ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሄዶ ዘፈን ያስጫነ ሰው የሚያመጣልኝ ፋይል ብዙ ጊዜ ከቪዲዮ ተወስዶ፣ እንደገና ታምቆ፣ ስሙ ላይ «320» የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ አድጓል፤ የተቆረጠው ግን አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ፋይል ይዞ በውድ ማጫወቻና በተራ ስልክ መካከል ልዩነት መፈለግ ድካም ነው። ንጹሕ ፋይል ሲሆንም፣ የዛሬ ደህና ስልኮች ከውድ ማጫወቻዎች የሚለዩት አብዛኛው ሰው በዕውር ሙከራ በማይደርስበት ልክ ነው። በሚኒባስ ውስጥማ ጥያቄውም አይነሳ።

አሁን ወደ ካሴት ልምጣ፤ እዚያ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን፣ ቲፒኤስ ኤል2ን፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ለገበያ ሲያወጣ በእኛ አገርም ሸክላው ቦታውን ለካሴት እየለቀቀ ነበር። የዎክማን ድምፅ «ሞቅ ያለ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ናፍቆቱን አልነቅፍም፤ ድምፁን ግን ጠግኜዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ቺንጋው ሲላላ ወይም ባትሪው ሲደክም ሙዚቃው ይጎተታል፤ ፍጥነቱ በ3 በመቶ ቢቀንስ ቃናው ወደ ሩብ ድምፅ ይወርዳል። ዎክማን ከፍቶ ክራሩን ከካሴት ጋር ሊቃኝ የሚታገል ወጣት ጥፋቱ የክራሩ ይመስለዋል።

ከፍጥነቱ የሚብሰው ቴፑን የሚያነበው ሄድ ዘንበል ማለቱ ነው። ቴፑ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር ስለሚሄድ 10 ኪሎኸርዝ የሆነ ድምፅ አንድ ሞገዱ ቴፑ ላይ የሚይዘው ቦታ 5 ማይክሮን አይሞላም፤ የሰው ጸጉር ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ሄዱ ለቴፑ ትክክለኛ ማዕዘን ካልሠራ የሞገዱ አንዱ ጫፍ ሌላውን ያጠፋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል፣ ዘፋኙ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚዘፍን ይመስላል። ማስተካከያው ከሄዱ ጎን ያለች አንዲት ብሎን ናት። ችግሩ ካሴቱን የቀዳው ማሽንም የራሱ ዝንባሌ ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ካሴት የቀናው ሄድ ለሌላው ይጣመማል፤ ካሴት ከካሴት እየተቀዳ በኖረበት አገር ደግሞ ጥመቱ በጥመት ላይ ይደራረባል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ይመስላል፤ አይደለም። በ1980ዎቹ በካሴት ብቻ ወጥቶ ማስተሩ የጠፋ ሥራ ዛሬ በስልክ ሲሰማ ከአንድ ካሴት የተገለበጠ ቅጂ ነው። የገለበጠው ሰው ብሎኗን ካልነካ፣ ያ የታፈነ ድምፅ በየትኛውም ማጫወቻ፣ በየትኛውም ዋጋ አይከፈትም። እንግዲህ ማጫወቻ ከምንም በላይ የሚወስነው እዚህ፣ ካሴቱ ለመገልበጥ በሚጫወትበት በዚያ አንድ ጊዜ ነው። ለማድመጥ ለሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ንጹሕ ፋይል፣ ቀጥሎ ማዳመጫ፣ ማጫወቻውን በመጨረሻ እለዋለሁ። የአባቱን ካሴት ይዞ ለሚመጣ ግን ሙሉውን ገንዘብ ማጫወቻው ላይ አውጣ እለዋለሁ፤ ደህና የካሴት ዴክ እንዲያገኝ፣ ዎክማኑን እንዲተው።

ሲያገኝም አትቸኩል እለዋለሁ። መጀመሪያ ካሴቱን ይክፈትና ቴፑን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ሱፍ በቦታዋ መሆኗን ይይ፤ ሙጫዋ ደርቆ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ቴፑን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ያጠንጥነው፣ የተጣበቀው ይላቀቃል። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ይጥረግ። ሁለቱን ቻናሎች ወደ አንድ ቀላቅሎ እያዳመጠ ብሎኗን በቀስታ ያዙር፤ ቀጭኑ ድምፅ ሲበራ እዚያ ላይ ያቁም። ካሴቱ ዶልቢ በሚባለው የሹክሹክታ መቀነሻ ካልተቀዳ የዶልቢውን ቁልፍ አይንካ፤ ቀጭኑን ይቀንስበታል። በ24 ቢት ይቅዳው፣ የሹክሹክታ ማጥፊያ ሶፍትዌር አይጠቀም፤ እሱን ሌላ ቀን በቅጂው ላይ ይሞክረዋል። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ሲመጣ ብሎኗን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራት።