ስሙ ራሱ ፍርድ የሆነ ጥያቄ

በአማርኛ ስለ ኤድስ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያቆማል። የትኛው ግንኙነት? በፊንጢጣ ስለሚደረገው ሲነሳ ተናጋሪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አድማጩም መሬት መሬት ያያል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ሰው የሚያውቀው ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ እሱ ደግሞ የኃጢአትና የወንጀል ስም ነው። አጥኚው መጠይቁን ይዞ መጥቶ በዚህ ቃል ቢጠይቅ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ኧረ እግዜር ይጠብቀን!» ወረቀቱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ያን «የለም» አምኖ የሚዘጋጅ ትምህርትም ነገሩን ዘሎ ያልፋል።

ጉዳዩ ግን የወንድና የወንድ ብቻ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ወንድና ሴትም እንደሚያደርጉት፣ አንዳንዶቹም ድንግልናን ለማቆየት ወይም እርግዝናን ለመሸሽ ብለው እንደሆነ ያሳያሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ግምት እንዲህ ይላል፦ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ከማይወስድ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ 10,000 ግንኙነት፣ ተቀባይዋ በብልት ቢሆን 8 ጊዜ፣ በፊንጢጣ ቢሆን 138 ጊዜ ያህል ትያዛለች። የፊንጢጣ የውስጥ ሽፋን ስስ ነው፤ ቶሎ ይሰነጠቃል። «እርግዝና ስለሌለው አደጋ የለውም» ብላ የምታምን ልጅ ይህን ከማን ትስማ?

የእኛ ዝምታ ሌላም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ማገን ዳቪድ አዶም የለገስነውን ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ለሰልፍ ወጡ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ በሽታው ማንሳት ስድቡን ማጽደቅ መስሎ ታየን። ዝምታው ደሙን የደፋውን አልጎዳም፤ የጎዳው የራሳችንን ልጆች ነው።

«ባህላችን አይፈቅድም» የሚለውንም በሙሉ አንቀበልም። ጎንደር ውስጥ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ወደ መርገም ጎጆ ስትወጣ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ም ከሰውነት ስለሚፈሰው ነገር ያለ እፍረት ይናገራል። አያቶቻችን ስለ ገላ የሚናገሩበት ወግ ነበራቸው።

በያቭነ፣ በገደራ ወይም በቂርያት ማላኪ ግን አስተርጓሚዋ ጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ሰው ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ሐኪሙንም የጤና ተቋሙን ሠራተኛም ምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ይህ ገና ከጥያቄው በፊት፣ በአማርኛ፣ ለታካሚው ይነገር። በመጠይቁም ላይ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ተሰርዞ «በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት» ተብሎ ይጻፍ፤ ያገባችም ያላገባችም፣ ወንድም ሴትም እኩል ይጠየቁ።