ሁለት ፈሳሽ በአንድ ብልቃጥ

አንድ ኬሚካል አፈርና ውኃ ውስጥ ስንት ዘመን ይቆያል? በሥጋ ውስጥ ይከማቻል? ምን ያህልስ ይመርዛል? ሦስቱም ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። የእኔን ልብ የሚስበው ግን ለሁለተኛው መነሻ የሆነው ቀላል ሙከራ ነው።

ብልቃጥ ውስጥ ውኃ አለ፤ ከላዩ ኦክታኖል የሚባል ቅባትነት ያለው አልኮል ይንሳፈፋል። ኦክታኖሉ የዓሣውን፣ የወፏን፣ የሰውንም ስብ ወክሎ የቀረበ ነው። ኬሚካሉ ሲጨመር ወደ የትኛው ያደላል? ከሁለቱም ናሙና ተቀድቶ ይለካል። ለብዙው ኬሚካል ብልቃጡን መናጥ ይበቃል። እንደ ዲዲቲ ላለው ውኃ ጠል ግን አይሆንም፤ ሲናጥ ለዓይን የማይታዩ የኦክታኖል ጠብታዎች ውኃው ውስጥ ገብተው ልኬቱን ያበላሹታል። ስለዚህ የሁለቱ ፈሳሾች ድንበር ሳይታወክ፣ በዝግታ፣ ለቀናት ይማሰላል። ይህን ትዕግሥት በጣም እወደዋለሁ።

የዲዲቲ ውጤት ያስደነግጣል፤ ኦክታኖሉ ውስጥ ያለው መጠን ውኃው ውስጥ ካለው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። የወባ ትንኝን ለመከላከል ለዓመታት በየቤቱ ግድግዳ የተረጨው ይኸው ዲዲቲ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ሥጋ ውስጥ ተገኝቷል።

እርግጥ ብልቃጥ ሐይቅ አይደለም። ዓሣ አንዳንዱን ኬሚካል ሰባብሮ ያስወግዳል፤ እንደ ፒኤፍኦኤስ ያለው ደግሞ ከስብ ይልቅ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ያኔ ዓሣው ራሱ ኬሚካሉ ባለበት ገንዳ ለሳምንታት ይቆያል፤ ቀጥሎ ወደ ንጹሕ ውኃ ይዛወርና የያዘውን በምን ፍጥነት እንደሚለቅ ይታያል።